ሠላሳ አንድ ስም

ባሕር ከሞያሌ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያውቅ ሰው ሞያሌ ውስጥ የለም፤ የሚጠይቅም አልተገኘም። እዚህ ውሃ ማለት በቦቴ የሚመጣ፣ በጀሪካን የሚሸጥ፣ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ በዚህችው ከተማ፣ በኬንያው በኩል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጠው አንድ የጥልቅ ባሕር ሻርክ ዝርያ የት የት እንደሚኖር በካርታ ላይ ሲነቁጡ ከርመዋል። ጎረቤቱ አላመነም። ገሚሱ ሥራቸው ምንዛሪ ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊልም ነው የሚያዩት ይላል። ሁለተኛው ወገን ብዙም አልተሳሳተም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሞምባሳ ያለ አንድ የባሕር ጥናት ቢሮ መብራትና ካሜራ የታሰረበት የብረት ሣጥን ያዘጋጃል። ሣጥኑ ላይ የዓሣ ሥጋ ያንጠለጥልና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች፣ ፀሐይ ደርሳ ወደማታውቀው ወለል ይሰደዋል። ካሜራው ስምንት ሰዓት ሙሉ ጭቃ ሲቀርጽ ይውላል። ከስምንቱ ሰዓት ውስጥ፣ ከቀና፣ ለአራት ደቂቃ ያህል አንድ አመድማ፣ ቀርፋፋ፣ ወይፈን የሚያህል ሻርክ ከጨለማው ብቅ ይልና ሥጋውን አሽትቶ፣ ቢፈልግ ቀምሶ፣ ተመልሶ ይጠፋል። ያቺን አራት ደቂቃ ከጭቃው መሀል ለቅሞ የሚያወጣ ሰው ዓይኑ ጠፍ መሬት መመልከት የለመደ መሆን አለበት። በዚህ ደግሞ የከብት አርቢን ልጅ የሚበልጥ የለም።

የቤቱ አለቃ ኮኪ ቦሩ ናት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ፣ ፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ። አባቷ አቶ ቦሩ ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ድንበሩን የተሻገሩ ከብት አርቢ ናቸው። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሜጋ የጦር ሠፈር ልጅ ነበረች፤ አማርኛም ወደዚያ ቤት የገባው በእሷ በኩል ነው። ኮኪ ሶሎሎ ተማረች፣ ናይሮቢ ሄዳ ኮምፒውተር አጠናች፣ ከዚያ እልኸኛ ናትና ሁሉም ሰው ወደ ደቡብ ሲጎርፍ እሷ ወደ ሰሜን ተመለሰች። አባቷ ድሮ ቆዳ ያከማቹበት የነበረውን የቆርቆሮ ቤት ጠርጋ፣ ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳና ኢንተርኔት የሚስብ ሳህን ሰቅላ ሁለት ሰው ቀጠረች። አንዷ ፎዚያ ናት፤ ከግመል አርቢ ቤት የመጣች፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት። ሌላው ኢሳቅ ስድስት ዓመት የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ሞያሌ ናይሮቢ ሲመላለስ ወገቡ እምቢ ያለው ሰው ነው።

ጥፋቱ የተጀመረው በስም ነው።

በእነ አቶ ቦሩ ቤት ከብት በጣት አይቆጠርም። መንጋው ሲገባ በረቱ በር ላይ ቆመው ፊት ፊቱን ያዩታል፤ የጎደለችው ላም በመልኳ ትታወቃለች። ስም የሌላት ላም የለችም። አንዲት ላም በሕይወት ሳለች ስሟን ለሌላ መስጠት ደግሞ ሞቷን እንደ መመኘት ነው፤ ስም የሚወረሰው ባለስሟ ስትሞት ብቻ ነው። ኮኪ ይህን ሁሉ የሽማግሌ ነገር ትለው ነበር። ትበለው እንጂ ከአጥንቷ አልወጣም። የሞምባሳው ኃላፊ ፖል ሥራውን ሲያስተምራቸው፣ ሰዓቱን፣ ጥልቀቱንና ቦታውን ከሞላችሁ በኋላ ቅጹ መጨረሻ ላይ የእንስሳው መለያ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ከዚህ በፊት አይታችሁት ለይታችሁ ያወቃችሁት ካልሆነ ባዶ ተዉት ብሏቸው ነበር። ባዶ መተው አልሆነላቸውም። ያን የሚያህል ፍጥረት ከዚያ ጨለማ ድረስ መጥቶ፣ ታይቶ፣ ስም አልባ ሆኖ መቅረቱ ለኮኪ ቀፈፋት። ስለዚህ ስም ሰጠችው። በሚቀጥለው ፊልም ሻርክ ሲመጣ ሌላ ስም ሰጠች፤ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ መጥራት ነውር ነውና። መልኩን ለማየት ማን ጊዜ አለው? ሰዓቱን ጽፎ ወደሚቀጥለው ጭቃ ማለፍ ነው።

ፎዚያ የእናቷን ግመሎች ስም ታከታትል ጀመር። ኢሳቅ ከብትም ግመልም ስለሌለው ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያሉትን ፌርማታዎች ስም አድርጎ አወጣ፤ ባሕሩ ውስጥ ቱርቢ የሚባል ሻርክ፣ ላይሳሚስ የሚባል ሻርክ ይዞር ጀመር። ሲሳሳቁበት ይውላሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከኮኪ አሥራ አንድ፣ ከፎዚያ አሥራ ሁለት፣ ከኢሳቅ ስምንት፣ በድምሩ ሠላሳ አንድ ስም ሞምባሳ ገባ።

የተከለከለ ስም አንድ ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ድርቁ የአቶ ቦሩን መንጋ ጠራርጎ ሲወስድ አንዲት ላም ተርፋ ነበር፤ ዳለቲ ትባላለች፣ አመድማ ናት። ዳለቲ በባዶ በረት መተኛት እምቢ አለች። ጓደኞቿ ይጠጡባቸው በነበሩት ሦስት ጉድጓዶች መካከል እየተመላለሰች፣ አፈሩን እያሸተተች ከረመችና አንድ ጠዋት ታጣች። አቶ ቦሩ በሰባ ዓመታቸው እስከ ሶሎሎ ድረስ አሥራ አንድ ቀን በእግራቸው ፈለጓት። ሬሳዋንም አጥንቷንም አላገኙም። ስለዚህ ለሳቸው ዳለቲ ጠፋች እንጂ አልሞተችም። ኮኪ አንድ ቀን አንዱን ሻርክ ዳለቲ እንበለው ስትል ሽማግሌው ከውጭ ሰምተው በመስኮቱ ብቅ አሉና፣ እሷ ስሟን ትፈልገዋለች ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያን ስም ያነሣ የለም።

ሰኞ ጠዋት ካርታው ከሞምባሳ መጣ። ከላሙ ፊት ለፊት ጀምሮ እስከ ታንዛኒያ ባሕር የሚወርድ ሰፊ ብርቱካናማ ቀለም፣ በላዩ ላይ ሠላሳ አንድ ጥቁር ነቁጥ፣ ከግርጌው "የሻርኩ መኖሪያ" የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ በታች የሠሩት ሰዎች ስም። አራተኛው ስም "ኮኪ ቦሩ፣ ሞያሌ" ይላል። ኮኪ ያን መስመር ደጋግማ አነበበችው። ካምፕ የተወለደ ሰው ስሙ ራሽን ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ካርታ ላይ ሲጻፍ አይታ አታውቅም። አብሮ የመጣውን ሌላ ገጽ በወጉ አላነበበችውም። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

መንገድ ዳር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትማ ለአባቷ አሳየቻቸው። አቶ ቦሩ ማንበብ አይችሉም። ስሟ ያለበትን ቦታ በጣቷ ስትነካላቸው ግን ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ይዘውት ቆዩ፤ ደስ ማለታቸው ያስታውቅ ነበር። ጨው ውሃ ምን ሊረባ እያሉ ሁለት ዓመት ደጃፉን ያልረገጡትን ቤት ያን ቀን በራሳቸው ጊዜ ገቡ። ኢሳቅ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ኮኪ ከፊልሞቹ ምርጥ ምርጡን እየከፈተች ታሳያቸው ጀመር። ይሄ ቡሬ ነው። ይቺ ዲምቱ ናት። ይሄ የፎዚያ ነው፤ ይሄ ደግሞ የኢሳቅ ማርሳቢት።

ሽማግሌው ዱላቸውን በጉልበቶቻቸው መሀል አቁመው፣ አገጫቸውን እጃቸው ላይ አሳርፈው ተመለከቱ። አምስተኛው ፊልም ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ኢንታላ፣" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ለምንድነው አንዷን ደጋግመሽ የምታሳዪኝ?"

ኢሳቅ ሳቁን ለቀቀው። ኮኪ በትዕግሥት ታስረዳቸው ጀመር። ያኛው የተቀረፀው ላሙ ፊት ለፊት ነው፣ ይሄኛው ታንዛኒያ ጥግ ነው፣ በመካከላቸው ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ከተማ ካለው የማይተናነስ መንገድ አለ፣ ወሩም የተለያየ ነው አለቻቸው። ሽማግሌው እስክትጨርስ ጠበቋት።

"ቦታውን አላልኩም። እንስሳዋን ነው ያልኩት። አፏ ጥግ ላይ ሽቦ ተንጠልጥሏል። በቀኟ መዞር ያማታል፤ ሁልጊዜ በግራ ነው የምትዞረው። የጀርባዋ ክንፍ ከኋላ ተበልቷል። አንዲት ላም በአምስት ጉድጓድ ስትጠጣ ብታያት አምስት ላም ሆነች?"

ኮኪ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ሁለት ፊልም ጎን ለጎን ከፈተች፤ የራሷን ቡሬና የኢሳቅን ማርሳቢት። ሽቦው አለ። በአንዱ ላይ መብራት ሲያገኘው ብልጭ ይላል፤ በሌላው ላይ ቀጭን ጥላ ሆኖ ይታያል። የክንፉ ጠርዝ የተበላው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ልክ ነው። የፎዚያን ሦስተኛ አድርጋ ከፈተች። ያው ነው። ሆዷን አሳይታ ስታልፍ ወንድ ሻርክ የሚኖረው ነገር የላትም፤ በሦስቱም ሴት ናት። ኮኪ ሁለት ዓመት አፍጥጣ ያላየችውን ነገር እሳቸው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላቸው አዩት። ኢሳቅ ከኋላዋ ቆሞ አይ፣ አይ፣ አይ አለ።

ፎዚያ ከገበያ ተጠርታ መጣች። ያን ቀን ምሳ የበላ የለም። ሠላሳ አንዱንም ፊልም አንድ በአንድ ከፍተው ሽቦውን፣ ክንፉን፣ አዟዟሯን ፈለጉ፤ እያንዳንዱ ፊልም በተከፈተ ቁጥር ሌላ ሻርክ እንዲሆን እየጸለዩ። ፎዚያ የእናቷን ግመሎች ስም እየጠራች ያቺኑ አንዲት ፍጥረት ባየች ቁጥር አፏን በሻሿ ትሸፍናለች። አሥር ሰዓት ላይ ጨረሱ። ሃያ ዘጠኙ አንዷ ነበረች። የቀሩት ሁለት አይለዩም፤ በአንደኛው ጭራ ብቻ ይታያል፣ በሌላው ጭቃው ታውኳል። ሁለቱን ለአቶ ቦሩ አሳዩአቸው። ሦስት ጊዜ አዩና ያላየሁትን አልፈርድም አሉ።

ኮኪ ከካርታው ጋር የመጣውን ገጽ በወጉ ያነበበችው ያን ጊዜ ነው። የሞያሌ ባለሙያዎች ሠላሳ አንድ እንስሳት እያንዳንዳቸውን በስም ለይተው መዝግበዋል ይላል። ዝርያው በዚህ ሁሉ ስፋት በርክቶ እንደሚኖር ተረጋግጧል ይላል። ስለዚህ ሺህ መንጠቆ ያለው ገመድ የሚጥሉ የዓሣ አጥማጅ መርከቦች ወደዚያ ጥልቀት እንዲገቡ ቢፈቀድ የሚያሰጋ ነገር የለም ይላል። ይህ ሐሙስ ዕለት ሞምባሳ ላይ ለሴሪካሊ፣ ለመንግሥት ሰዎች ይቀርባል። የላምና የግመል ስም፣ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ የሦስት ሰው የሥራ ሰዓት ጨዋታ፣ ማስረጃ ተብሎ ተቀምጧል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። በመጀመሪያው አላመነችም። በሁለተኛው እያንዳንዱን መስመር በጣቷ ተከተለች። በሦስተኛው ያ ባዶ ተዉት የተባሉት ቦታ ትዝ አላት።

ከዚያ ለሁለቱ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ቀድማ አፏን የፈታችው ፎዚያ ናት።

"ዝም አይነቅዝም፣" አለች። "ሐሙስ ይለፍ። ሽቦውን ከኛ ሌላ ያየ የለም።"

ክፉ ሆና አይደለም። ከዚህ ቤት ሌላ ጥላ ሥር ተቀምጣ የምትሠራበት ቦታ ሞያሌ ውስጥ የላትም፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት የገቡት በዚህ ነው። ኢሳቅም በዚህ ወገቡ ተመልሶ መኪና ላይ ሊወጣ አይችልም። ሁለቱም ይህን አልተናገሩትም፤ ኮኪም እንዲናገሩት አልጠበቀችም። እውነቱን ለመናገር እሷም ዝም ማለት ፈልጋለች። ከተናገረች ቤቱ ይዘጋል፣ ካርታው ላይ ያለው ስሟም ይጠፋል። ካልተናገረች መርከቦቹ ይገባሉ። ያቺ አፏ ላይ ሽቦ ያንጠለጠለች እንስሳ ከአንድ መንጠቆ አንድ ጊዜ አምልጣለች፤ ከሺህ መንጠቆ አታመልጥም። ኮኪ ካርታውን ጠቀለለችና፣ ነገ እናውራ ብላ አሰናበተቻቸው። ሲወጡ ማንም ማንንም አላየም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አባቷን ባዶው በረት አጠገብ፣ ግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። የሄደችው ተሳስቼ ነው እንዲሏት ነበር። እንዲህ አላለቻቸውም እንጂ ልቧ የሚለው ይህንኑ ነው። ሽማግሌ ተሳሳተ ቢባል ማን ይደነቃል? ዓይናቸውም ደክሟል። አጠገባቸው ተቀምጣ፣ አንዲት እንስሳ ያን ሁሉ አገር ብቻዋን ምን ልትሠራ ትሄዳለች ብላ ጠየቀቻቸው። ምግቡ ያለው በየቦታው ነው፤ አንድ ቦታ ሆና መብላት ስትችል እንዲህ የምትንከራተት እንስሳ የለችም ስትል ተከራከረቻቸው። ድምፅዋ ከፍ አለ።

አቶ ቦሩ መሬቱን በዱላቸው ጫፍ ጫሩ።

"መንጋ ያላት እንስሳ እንዲህ አትሄድም፣" አሉ። "ብቻዋን የቀረች ናት። ሌሎቹ የነበሩበትን ቦታ ታውቀዋለች፤ እዚያ ትሄዳለች፣ የሉም። ወደ ሌላው ትሄዳለች፣ እዚያም የሉም። ተመልሳ ደግሞ መጀመሪያ ወደነበረችበት ትመጣለች፤ ምናልባት መጥተው ይሆናል ብላ። አንቺ ወረቀት ላይ ያስቀመጥሽው ቤቷን አይደለም። ፍለጋዋን ነው።"

ኮኪ ቤት ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ነቁጦቹን በቀናቸው ተራ በመስመር አያያዘቻቸው። መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። ሦስት ቦታ ላይ እየተመለሰ ተቋጠረ። እዚያ ሦስት ቦታ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት ጊዜ መጥታለች። ኮኪ ይህን ሥዕል ታውቀዋለች። ሦስት ጉድጓዶችን፣ በመካከላቸው የተረገጠ አፈርን፣ ጠዋት ጠዋት የአንዲት ላም ኮቴ ብቻ የሚታይበትን መንገድ ታውቀዋለች። እጇን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። ለሻርኳ ይሁን ለላሟ፣ ለስሟ ይሁን ለአባቷ፣ ለራሷም አልተለየላትም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱን ጓደኞቿን አስቀምጣ ልደውል ነው አለቻቸው። ፎዚያ፣ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ያ ሽቦ ዓይኔ ላይ ነበር፣ ደውይ አለች። ኢሳቅ ተነሥቶ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋው፣ የቦዳቦዳው፣ የታክሲ ሞተር ሳይክሉ ጩኸት እንዳይረብሽ። አቶ ቦሩም ሳይጠሩ መጥተው በሩ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ፖል ስልኩን ያነሣው በደስታ ነው። ዳዳ ኮኪ፣ እኅቴ፣ ካርታሽን ማተሚያ ቤት ይዤው ቆሜያለሁ፣ ግድግዳ ያህላል አላት በስዋሂሊ። ኮኪ ቆም ሳትል፣ ከቆመች እንደማትቀጥል ስላወቀች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ስሞቹን ከየት እንዳመጧቸው፣ ለምን አንድ ስም ሁለት ጊዜ እንደማይጠሩ፣ ባዶ ተዉት ያላቸውን እሷ ራሷ እንዳልተወችው፣ አባቷ ያዩትን፣ ሃያ ዘጠኙን፣ የማይለዩትን ሁለት። 

"በአንድ ስልክ ሃያ ስምንት ሻርክ ገደልሽብኝ፣" አለ ፖል።

"አልገደልኳቸውም፤ መጀመሪያውኑ አልነበሩም፣" አለችው።

ማስረጃ ጠየቀ። የሽቦውንና የክንፉን ምስል ከሃያ ዘጠኙም ፊልም አውጥታ፣ በመስመር ካያያዘችው ካርታ ጋር ላከችለት። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል መጠበቅ ሆነ። በዚያ ሁለት ሰዓት ኢሳቅ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ወለወለ፤ ፎዚያ ደግሞ ዕቃዋን በፌስታል ሰብስባ ጨረሰች።

ፖል ሲደውል ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር። ምስሎቹን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አይቷል፤ ሃያ ዘጠኙ አንዷ ናት። አልጮኸባትም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ማርሳቢት የሚባል ሻርክ በዝርዝሩ ላይ ሳይ እኔም ስቄ አልፌዋለሁ፣ ጥፋቱ የኔም ነው አለ። የነገው ጽሑፍ ተሰርዟል። ስብሰባው ላይ አንድ መስመርና ሁለት የጥያቄ ምልክት ይዞ ይቆማል፤ ይህን አይቶ መርከቦቹ ይግቡ የሚል ሰው ይኖራል ብሎ አያስብም። ቀጥሎ፣ ፖሌ ዳዳ፣ አዝናለሁ እኅቴ፣ አለና የቀረውን ነገራት። ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ የሞያሌው ቤት ሥራ ይቆማል። ስማቸውም ከአዲሱ ካርታ ላይ ይወጣል፤ ይህን ያለው ቢሮው ነው፣ እሱ ሊለውጠው አይችልም።

ኮኪ እሺ አለች። ካርታው ላይ ስሟ ያለባትን ያቺን መስመር ለሁለት ቀን ብቻ ነው ያየቻት።

ፖል ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ቀረ አለ። ስብሰባው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ቁጥር አይነካቸውም፤ ቁጥር ሲሰሙ ነው የሚውሉት። መስመሩ ላይ የእንስሳዋ ስም እንዲጻፍ ይፈልጋል። አሁን በትክክል ተለይታ ታውቃለችና ቦታው ባዶ መሆን የለበትም። ከሠላሳ አንዱ አንዱን ምረጪልኝ አላት።

ኮኪ ዝርዝሩን ከፈተች። ቡሬ ልትል አሰበችና ተወችው፤ ዲምቱም አልሆነችም። ሁሉም ስም ላልነበረ ሻርክ የተሰጠ ሆኖ ታያት። ፎዚያን አየቻት፤ ፎዚያ ራሷን ነቀነቀች። ኢሳቅ የፌርማታ ስም ሊጠራ አልደፈረም። ኮኪ ስልኩን በእጇ ሸፍና፣ ለአባቷ የተባለውን በአማርኛ ነገረቻቸው፤ ለሻርኳ አንድ ስም ይፈልጋሉ ብላ።

አቶ ቦሩ ዱካው ላይ እንደተቀመጡ ወደ ውጭ፣ ወደ በረቱ በኩል ይመለከቱ ነበር። ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ዳለቲ በያት፣" አሉ።

ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ፎዚያ የያዘችው ፌስታል ከእጇ ወደቀ። እዚያ ቤት ያደገ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዱት አይገባም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ስም ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም ነበር።

"አባዬ፣" አለች። "እሷኮ... ስሟን ትፈልገዋለች ብለውኝ ነበር።"

"ብዬሽ ነበር፣" አሉ። "እንግዲህ ይቺ ትፈልገዋለች።"

ፊታቸውን አላዞሩም። ኮኪ የአባቷን ጀርባ አይታ አታውቅም ነበር ማለት ይቻላል፤ ያን ያህል እንደ ጠበበ ያየችው ያን ቀን ነው። ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። ዳለቲ አለችው፤ ፊደሎቹንም አንድ በአንድ ነገረችው። ፖል እየደገመ ጻፈ። ደስ የሚል ስም ነው፣ የማን ስም ነው አላት።

"የአባቴ ላም ነበረች።"

ነበረች ስትል ለመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ፖል የከብት አገር ልጅ አይደለም፤ ቢሆንም ከድምፅዋ አንድ ነገር ሳይሰማው አልቀረም። ፖሌ ሳና፣ አለ ቀስ ብሎ፤ መቼ ሞተች?

ኮኪ በሩ ላይ ወደ ተቀመጡት ሽማግሌ አየች።

"አሁን፣" አለችው።